«ተመችቶሃል!» — ከኮሪያ ገበታ የተማርኩት

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር፤ ለዓመታዊ መጽሔቱ በጥቂቱ ተስተካክሎ የቀረበ)



የዝግጅት ኮሚቴው «ኮሪያ ሄደህ ያጠናኸውን ነገር በሃያ ደቂቃ ንገረን» ብሎኛል። ሰዓቱን ያስቀመጡልኝ ደግሞ ከምሳ በፊት ነው። ከምሳ በፊት ስለ ምግብ የሚያወራ ሰው ወዳጅ እንደማያፈራ አውቃለሁ። ቢሆንም ዛሬ ጠዋት በኅሊና ጸሎቱ ጊዜ ከተጠሩት ስሞች አንዱ የእኔ የዶርም ጓደኛ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች በአንድ ተደራራቢ አልጋ ላይ ተኝተናል። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ከጥናት ወረቀት ላይ ብቻ አይደለም።

ያለፈው የመገናኛ በዓል ላይ፣ እዚሁ ግቢ፣ በሩ አጠገብ ተገናኘን። ሳቅፈው እጄ ከጀርባው ለመገናኘት አልደርስ አለኝ። ያን ጊዜ ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? «አንተ! ተመችቶሃል!» አልኩት። እሱም ሆዱን መታ መታ እያደረገ «የፕሮጀክት ቦርጭ ነው፣ በአበል የተገነባ» ብሎ ሳቀ። ሁላችንም ሳቅን። ከአሥራ አራት ወር በኋላ ስትሮክ መታው፤ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ አረፈ። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነበር።

እንግዲህ እኔ የሥነ ምግብ ሰው ነኝ። የዶክትሬት ሥራዬ ስለ ስኳርና ስለ ደም ስብ ነው። ያን ቀን ባየሁት ጊዜ ምን እያየሁ እንደነበር ከእኔ በላይ ሊያውቅ የሚገባው ሰው አልነበረም። እኔ ግን አመሰገንኩት። ዛሬ የምናገረው ለእሱ ያልነገርኩትን ነው።

የአባቴ ኮሪያና የእኔ ኮሪያ

ኮሪያን መጀመሪያ የሰማሁት ከአባቴ ነው። አባቴ እ.ኤ.አ. በ1952 ከሁለተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምተው ነበር። እንደምታውቁት ከ1951 ጀምሮ ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በዚያ ምድር ተሰልፈዋል፤ ከ120 በላይ የሚሆኑት እዚያው ወድቀዋል። አባቴ ስለ ውጊያው ብዙ አያወሩም ነበር። ደጋግመው የሚያነሱት ልጆቹን ነው። ከጦሩ ማብሰያ ጀርባ ባዶ ጣሳ ይዘው የሚቆሙትን ልጆች። «ቆዳና አጥንት ናቸው፤ ዓይናቸው ብቻ ነው የቀረው» ይሉን ነበር። ወታደሮቹ ከራሽናቸው ያካፍሏቸው ነበር። በኋላም የኛ ሰዎች ዶንግዱቾን በሚባል ቦታ ለወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ እስከ መክፈት ደርሰዋል።

እኔ እ.ኤ.አ. በ2004 በስኮላርሺፕ ጆንጁ ወደምትባል ከተማ ስሄድ፣ የአባቴ ኮሪያ የለችም። ያቺ የተራበች አገር በብርሃን አሸብርቃ፣ መንገዱ ሁሉ ምግብ ቤት ሆኖ ጠበቀችኝ። ጆንጁ ደግሞ ኮሪያውያን ራሳቸው «ምግብ እዚያ ነው» የሚሏት ከተማ ናት፤ በኋላም ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 ከምግብ ጥበብ ከተሞች ተርታ አስገብቷታል። እኔ ግን እዚያ ከተማ መሀል ተቀምጬ ምን እንደበላሁ ልንገራችሁ። ሌሊት ከላቦራቶሪ ስወጣ ፓስታ መሳይ የሆነውን ፈጣን ራምዮን፣ በላዩ ነጭ ሩዝ። ቅዳሜ ከባልደረቦች ጋር የተጠበሰ ዶሮ በቢራ። ቀን ቀን ደግሞ፣ ለማመን ይቸግራል፣ የቡና አገር ልጅ በቀጭን ፓኬት የሚመጣ ወተትና ስኳር የተደባለቀበት ቡና፣ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ። በአሥራ አራት ወር ውስጥ 11 ኪሎ ጨመርኩ። ለቤተሰብ ፎቶ ስልክ እናቴ ምን አሉ? «ተመስገን፣ ተመችቶታል።»

ከዚያ ዓመታዊ ምርመራ መጣ። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩና አምስት መስመር አሳዩኝ። የወገብ ዙሪያ፣ በባዶ ሆድ የሚለካ ስኳር፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ፣ ኤችዲኤል የሚባለው ጠቃሚው ኮሌስትሮል፣ የደም ግፊት። ስኳሩ 100 ከደረሰ፣ ትራይግሊሰራይዱ 150 ከደረሰ፣ ግፊቱ 130 በ85 ከነካ፣ ኤችዲኤሉ ለወንድ ከ40 ለሴት ከ50 ከወረደ፣ ወገቡም ከመስመሩ ካለፈ፣ ከነዚህ ከአምስቱ ሦስቱ የተገኙበት ሰው ሜታቦሊክ ሲንድረም አለበት ይባላል። ማለትም ሰውነት የበላውን የሚያቃጥልበትና የሚያስቀምጥበት ሥርዓት ተዛብቷል፤ ስኳርና የልብ በሽታ መንገድ ላይ ናቸው ማለት ነው። የእኔ ስኳር 114፣ ትራይግሊሰራይድ 215፣ ግፊት 136 በ88፣ ወገብ 97 ሴንቲ ሜትር። ከአምስቱ አራቱ። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ምንም አላመመኝም።

እስቲ አስቡት። አባቴ በዚያ አገር የተራበ ልጅ አብልተው የተመለሱ ሰው ናቸው። ልጃቸው እዚያው አገር ሄዶ ከመጥገብ ብዛት ታመመ።

የሀልሞኒ ገበታ

የተከራየሁበት ቤት ባለቤት ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ሀልሞኒ ይላቸዋል፤ አያት ማለት ነው። ኮሪያውያን ሽማግሌን በስም አይጠሩም፣ እንደኛው። ጠዋት ሲያገኙኝ ሰላምታቸው «ባፕ ሞጎሶ?» ነው፤ «በልተሃል ወይ?» ማለት ነው። መጀመሪያ ሊጋብዙኝ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሲገባኝ ረሃብን ያየ ሕዝብ ሰላምታ ነው። እኛም «ምሳ በልተሃል?» ሳንል አንለያይም።

የምርመራውን ወረቀት ባሳየኋቸው ቀን ብዙ አልተናገሩም። የራምዮን ፓኬት የሞላበትን የቆሻሻ ከረጢቴን አዩ፤ ከዚያ «ነገ ማታ እዚህ ትበላለህ» አሉኝ። ነገ ማታ የተባለው አራት ዓመት ቆየ። የቤት ኪራዬ ላይ ትንሽ ጨመርኩና የማታ ምግብ ከእሳቸው ጋር ሆነ።

ገበታው እንዲህ ነው። ከፊቴ በስተግራ አንድ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን ሩዝ፤ እሱም ነጭ ብቻ ሳይሆን ገብስ፣ ማሽላና ጥቁር አኩሪ አተር የተቀላቀለበት። በስተቀኝ ሾርባ። መሀል ላይ ኪምቺ። ከዚያ ባንቻን የሚባሉት ትናንሽ ማባያዎች፤ ስፒናች በሙቅ ውኃ ገባ ወጣ ብሎ በነጭ ሽንኩርትና በሰሊጥ ዘይት ጠብታ የታሸ፤ የአኩሪ አተር በቆልት፤ የተራራ ቅጠላ ቅጠል፤ ቶፉ፤ አንዳንዴ ቁራጭ ዓሣ። ሥጋ ካለ ማጣፈጫ ያህል ነው። በድሮው ሥርዓት ገበታ የሚቆጠረው በማባያው ብዛት ነው፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ዘጠኝ፣ ለንጉሥ አሥራ ሁለት። ሩዙ፣ ሾርባውና ኪምቺው ከቁጥሩ አይገቡም፤ እነሱ ሁሌም አሉ። የድኻ ቤት ገበታ እንኳ ሦስት ዓይነት ማባያ አያጣም የሚለው ሐሳብ ራሱ ነው ትልቁ ነገር።

የዚህ ሁሉ ጣዕም የሚመጣው ከጓሮ ነው። ሀልሞኒ ከቤቱ ጀርባ ኦንጊ የሚባሉ፣ የኛን ጋን የሚመስሉ የሸክላ ዕቃዎች ደርድረው ነበር። በመኸር መጨረሻ አኩሪ አተር ይቀቅላሉ፣ ይወቅጣሉ፣ እንደ ጡብ ይጋግሩና በሩዝ ጭድ አስረው ይሰቅሉታል። ጭዱ ላይ ያለችው ባክቴሪያ እርሾ ትሆነዋለች። ክረምቱ ሲያልፍ በጨው ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ፈሳሹ ተጠልሎ ጋንጃንግ ይሆናል፤ አተላው ዶዌንጃንግ ይባላል። እኔም ጠጅና ጠላ ከሚጠመቅበት ቤት የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ ሽታው ብዙ አላስደነገጠኝም። ኪምቺውንም በኅዳር ጎረቤት ተሰብስቦ በአንድ ቀን ይሠራዋል፤ ኪምጃንግ ይሉታል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። የአኩሪ አተሩ ጥበብ ደግሞ በ2024 ተመዝግቧል።

በሰባት ወር ውስጥ 9 ኪሎ ቀነስኩ። ስኳሬ ወደ 94 ወረደ። መድኃኒት አልወሰድኩም፤ ሀልሞኒ ቤት እየበላሁ፣ ወደ ካምፓስ በእግር እየሄድኩ ነው።

ለምን ሠራ?

መምህራኖቼ ፊት ስለቆምኩ «ለምን» የሚለውን ሳልመልስ ባልፍ ነጥብ ይቀነስብኛል።

አንደኛው የገበታው ቅርጽ ነው። ሩዙ በትንሽ ሳህን ይለካል፤ አትክልቱ ግን ገበታውን ይሞላዋል። ቃጫ ያለው አትክልትና ጥራጥሬ ከእህሉ ጋር ሲገባ ስኳሩ ወደ ደም የሚደርሰው በዝግታ ነው። ቆሽትም በአንዴ ብዙ ኢንሱሊን እንድታፈስ አትገደድም። አትክልትን ቀድሞ፣ እህልን በኋላ መብላት ከምግብ በኋላ ያለውን ስኳር ዝቅ እንደሚያደርግ በጃፓንና በአሜሪካ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። በኮሪያ ገበታ ማባያው ሁሉ አንዴ ስለሚቀርብ ሰው ሳያስበው ያንን ያደርጋል።

ሁለተኛው አሠራሩ ነው። ባህላዊው ማዕድ አብዛኛው ይቀቀላል፣ በእንፋሎት ይበስላል፣ ይታሻል፤ በዘይት የሚጠበሰው ጥቂት ነው። ዘይቱ ጣዕም እንጂ መዋኛ አይደለም።

ሦስተኛው መብላላቱ ነው። እዚህ ላይ ጠንቀቅ እላለሁ፤ ኪምቺ መድኃኒት ነው የሚል ማስታወቂያ ሞልቷልና። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ሙከራ 22 ከልክ በላይ ክብደት ያላቸውን ሰዎች አራት ሳምንት ትኩስ ኪምቺ፣ አራት ሳምንት የበሰለ ኪምቺ አብልቶ አወዳድሯል። ክብደታቸው በሁለቱም ቀንሷል፤ በባዶ ሆድ የሚለካው ስኳር ላይ ግን የበሰለው ይበልጥ ጠቅሟል። ጥሩ ፍንጭ ነው፤ 22 ሰው ግን 22 ሰው ነው። እኔ በነበርኩባት በጆንጁ ደግሞ በኋላ የታተመ ሌላ ሥራ አለ። ግፊትና ስኳር ያለባቸውን ወደ 40 የሚጠጉ ሕመምተኞች ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ወገን ለ12 ሳምንት በቀን ሦስቴ ባህላዊውን ምግብ አበላቸው። የሦስት ወር ስኳር መለኪያቸው ተሻሻለ። እዚያም የሠራው ኪምቺው ብቻ ሳይሆን ሙሉው ገበታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ገበታው ኃጢአት የለበትም ወይ?

አለበት እንጂ። ሀልሞኒ ራሳቸው ለሃያ ዓመት የግፊት መድኃኒት የሚውጡ ሴት ነበሩ። ምክንያቱ ጨው ነው። ኪምቺው ጨው፣ ዶዌንጃንጉ ጨው፣ ሾርባው ጨው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም ሶዲየም አትለፉ ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው ማለት ነው። ኮሪያውያን እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ 4,800 ሚሊ ግራም ይወስዱ ነበር። ጨጓራ ካንሰርም በዚያ አገር እንደበዛ ይታወቃል፤ ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ጨው ነው። መንግሥታቸው ዘመቻ ጀመረ፤ በምግብ ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በፋብሪካ። በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 3,200 አካባቢ ወረደ። አሁንም ከልኩ በላይ ነው፤ ግን ልብ በሉ፣ «ባህላችን ነው፣ አትንኩብን» አላሉም። ሐኪሙ ሀልሞኒን «አትክልቱን ብይ፣ መረቁን ተይው» ብሏቸው ነበር። እያጉረመረሙ ተዉት።

ሁለተኛው ነጩ ሩዝ ነው። ገበታው ድሮ ጥሩ የነበረው በከፊል ድኻ ስለነበር ነው። ሀልሞኒ ልጅ ሳሉ ነጭ ሩዝ የበዓል ምግብ ነበር። በበልግ፣ ያለፈው ሩዝ አልቆ ገብሱ ሳይደርስ፣ ያለውን ጊዜ ቦሪትጎጌ ይሉታል፤ የገብስ ዳገት እንደ ማለት ነው። በዚያ ዳገት ሰዎች የጥድ ቅርፊት እየላጡ ይበሉ ነበር። «የተራራ ቅጠል የለመድነው ጤና ነው ብለን አይደለም፤ ሌላ ስላልነበረ ነው» አሉኝ አንድ ቀን። በ1960ዎቹና 70ዎቹም መንግሥት ሩዝ ለመቆጠብ ገብስ ቀላቅላችሁ ብሉ ብሎ አዘዘ፤ አስተማሪ የተማሪን ምሳ ዕቃ ከፍቶ ገብስ መኖሩን ያይ ነበር። ሩዙ ሲትረፈረፍ ሁሉም ወደ ነጩ ሮጠ። አሁን በኮሪያ በተደረጉ ጥናቶች ነጭ ሩዝ ከኪምቺ ጋር ብቻ የሚበሉ፣ ማባያ ያነሳቸው ሰዎች፣ ትራይግሊሰራይዳቸው ከፍ፣ ኤችዲኤላቸው ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ «ባህላዊ» የሚለው ስም ብቻውን አያድንም። የትኛው ባህል? የስንት ዓመተ ምሕረቱ? ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አገር ሲለወጥ

እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ኮሪያዊ በዓመት 136 ኪሎ ሩዝ ይበላ ነበር። በ2023 ወደ 56 ኪሎ ወርዷል። በቦታው ሥጋ፣ ዳቦ፣ ጥብስና ጣፋጭ ገባ። ዛሬ ከ30 ዓመት በላይ ከሆናቸው ኮሪያውያን ከሰባት አንድ ያህሉ፣ እንደ አንዳንዱ ዓመት ቆጠራም ከስድስት አንዱ፣ ስኳር አለበት። እዚያ ያሉ ሐኪሞች ሌላም ነገር ያስተምራሉ፤ የምሥራቅ እስያ ሰው ቆሽት ኢንሱሊን የማመንጨት አቅሟ አነስተኛ ስለሆነ፣ ብዙ ሳይወፍር በስኳር ይያዛል። ለዚህ ነው የወገብ መስመራቸውን ዝቅ አድርገው ለወንድ 90፣ ለሴት 85 ሴንቲ ሜትር ያደረጉት።

የሀልሞኒ ልጅ ለዚህ ምስክር ነው። የቢሮ ሰው ነበር፤ በአርባ አራት ዓመቱ ስኳር ተገኘበት። በእናቱ ኪምቺ ያደገ ሰው! ግን የሚበላው የእናቱን አልነበረም። ከሥራ በኋላ አለቃው «እንውጣ» ካለ መውጣት ግዴታ ነው፤ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ፣ ሶጁ፣ ከዚያ ቢራ፣ ከዚያ በእኩለ ሌሊት ኑድል። ሀልሞኒ አንድ ማታ ሲያዩት፣ «እኔ የራበኝ ልጅ ሆኜ ነበር፤ አንተን እንዳይርብህ ስል ጠግበህ ታመምክብኝ» አሉት። እኔ የእናቴን «ተመችቶታል» የሰማሁ መሰለኝ።

ነገር ግን ኮሪያ ውስጥ ጥፋቱ ሊሆን ይችል ከነበረው ያነሰ ነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ባሪ ፖፕኪንና ኮሪያውያን ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጡት ጽሑፍ፣ ኮሪያ ሀብቷ ሲታይ የስብ ፍጆታዋም ውፍረቷም ከሚጠበቀው በታች መሆኑን አሳይተዋል። ከምክንያቶቹ አንዱ ብለው የቆጠሩት የሴቶቹን ሥራ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ የገጠር ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሠልጥነው በየወሩ ሩዙን፣ ኪምቺውን፣ የአኩሪ አተሩን አሠራር ለሕዝቡ ያሳዩ ነበር። ሌላው ትምህርት ቤት ነው። የትምህርት ቤት ምግብ ሕግ አላቸው፣ ከ1981 ጀምሮ። የምሳውን ዝርዝር የሚያወጣው የሥነ ምግብ ባለሙያ ነው። የዩኒቨርሲቲያችን ካፌም ያው የብረት ትሪ ነበረው፤ አምስት ጎድጓዳ ቦታ ያለው፤ አንዱ የሩዝ፣ አንዱ የሾርባ፣ ሦስቱ የማባያ። ትሪው ራሱ አስተማሪ ነው። ለሩዝ የተሰጠው ቦታ ከሞላ ሞላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት፣ በ2030 የሚወለዱ የደቡብ ኮሪያ ሴቶች በአማካይ ከ90 ዓመት በላይ ይኖራሉ ብሎ ተንብዮአል። አባቴ ጣሳ ይዘው ያዩዋቸው ልጆች የልጅ ልጆች ናቸው። ከሕክምናው መስፋፋት ጋር፣ ገበታቸውን እንደ አገር ጉዳይ መያዛቸውም ድርሻ አለው።

ወደ ቤት ስመለስ

አሁን የማፍርበት ክፍል መጣ። አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ መኪና ገዛሁ። ወርክሾፕ በዛ። ወርክሾፕ ደግሞ ቡፌ ነው፤ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንችና እንጀራ በአንድ ሳህን፣ በላያቸው ጥብስ። ማታ ሲደክመኝ ሥጋ ቤት። ስድስት ዓመት ሳይሞላ ስኳሬ 121 ገባ። ዕውቀቱ እኮ አልጠፋም፤ ተማሪዎቼን ሳስተምርበት ነበር። የጠፋው ሀልሞኒ ናቸው። ገበታው ነው የጠፋው። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ጤና የአንድ ሰው ቆራጥነት ብቻ አይደለም፤ ማን ምን እንደሚያቀርብልህ፣ ከማን ጋር እንደምትበላ፣ ሰው ምን እያለ እንደሚያመሰግንህ ነው።

ኪምቺ አስመጥቼ አልዳንኩም። ባለቤቴና እኔ ተቀምጠን የራሳችንን ገበታ በሀልሞኒ ዓይን አየነው። ለካ ሁሉም አለ። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ቀይ ሥር፣ የበሰለ የጤፍ እንጀራ በእርሾ። የጾም በያይነቱ የሚባለው ነገር ባንቻን ካልሆነ ምንድን ነው? የጎደለው ልኩ ነው። እኛ ቤት እንጀራው ሦስት፣ ጎመኑ አንድ ጭልፋ ነበር፤ ገለበጥነው። ዘይቱን በዓይን መጨመር ትተን በማንኪያ አደረግነው። እኔ ከመሥሪያ ቤት ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ወርጄ እሄዳለሁ። ስኳሬ ዛሬ 98 ነው፤ አልተገላገልኩም፣ ግን ይዤዋለሁ።

ሦስት ልመና

ልጨርስ ነው። ሦስት ነገር ልለምናችሁ።

አንደኛ፣ ለመምህራኖቻችንና ለግቢው አመራር። ስለ ተማሪዎች ካፌ ነው። እኛ የበላንበት ካፌ ነው፤ በጀቱ ጠባብ መሆኑን አውቃለሁ። ሀልሞኒ ያደጉባት ኮሪያም በጀት አልነበራትም። በቆልት ርካሽ ነው፤ ጎመን ርካሽ ነው። የሥነ ምግብ ተማሪዎቻችን የካፌውን ሳምንታዊ ዝርዝር እንደ ልምምድ ሥራ ቢይዙት፣ ለእነሱም ትምህርት፣ ለሌላውም ጤና ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ለማኅበራችን። በሚቀጥለው መገናኛ፣ መመዝገቢያው ጠረጴዛ አጠገብ አንድ የግፊት መለኪያ፣ አንድ የስኳር መለኪያና አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ይቀመጥ። ስም የሚጻፍበት ደቂቃ ለሁሉም ይበቃል። ሜትሩን ዛሬውኑ ይዤ መጥቻለሁ፤ ሦስት ነው፤ በር ላይ ነው ያለው። ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን ለእኛ ለአፍሪካውያን የራሳችን መረጃ እስኪሟላ ብሎ ያስቀመጠው መስመር ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀበቶ ላይ አትለኩ፤ ቀበቶ ይዋሻል፣ ከቦርጭ በታች ነው የሚታሰረው። ከጎድን አጥንት በታችና ከዳሌ አጥንት በላይ፣ መሀሉ ላይ ለኩ፤ ሆድም ሳትስቡ።

ሦስተኛው ለሁላችን ነው። «ተመችቶሃል» የሚለውን ቃል አላስጥላችሁም። ያ ቃል ከሰባ ሰባትም በፊት፣ ከስልሳ ስድስትም በፊት የመጣ ነው፤ መጥገብ ብርቅ በነበረበት ጊዜ የተወለደ ምርቃት ነው። ሀልሞኒም «በልተሃል ወይ?» ማለቱን አልተዉም፤ ትርጉሙን ግን ለወጡት። ልጃቸው ከታመመ በኋላ ሲደውሉለት «ባፕ ሞጎሶ?» ይሉና ወዲያው «ምን?» ብለው ይጨምራሉ። «ምን በላህ? ከማን ጋር? ስንት ሰዓት?» እኛም «ተመችቶሃል» ካልን በኋላ አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «ተለክተሃል ወይ?»

ለጓደኛዬ ያንን ጥያቄ ጨምሬለት ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ሊስቅብኝም ይችል ነበር፤ «የኪምቺ ዶክተር መጣ» ይለኝ ነበር፤ ያንን ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። ግን ባይሰማኝ እንኳ ነግሬው ነበር ማለት ነው። አሁን የያዝኩት አለመናገሬን ነው።

ምሳው ደርሷል፤ ሽታው እስከዚህ ይመጣል። ምግብ አስተናጋጆቹን ትናንት ለምኛቸው ጎመኑንና ሰላጣውን ከእንጀራው በፊት፣ መጀመሪያ ላይ እንዲያስቀምጡልን አድርጌአለሁ። ሰልፉ ላይ ስትደርሱ ከዚያ ጀምሩ። ዛሬ ስሙ በኅሊና ጸሎት የተጠራው ወንድማችን ቢኖር ኖሮ የመጀመሪያው ሰልፈኛ እሱ ነበር።

 መልካም ምሳ።